ራሴን የሳትኩበትን ዕለት እንድመሰክር

አሜሪካ ውስጥ የሚጥል በሽታ ይዞት ለአካል ጉዳተኞች ክፍያ፣ ለዲስኤቢሊቲ፣ ያመለከተ ሰው ዳኛ ፊት የሚቀርብበት ቀን ሲቃረብ አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ዋናው ምስክር ራሱ ነው። ስንት ደቂቃ ቆየብዎት? የተንፈራገጠው መላ ሰውነትዎ ነው ወይስ አንድ ጎንዎ? ምላስዎን ነክሰዋል? ሽንት አምልጦዎታል? ከነቁ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ግራ ገብቶዎት ቆዩ? ኧረ እኔ በሰዓቱ አልነበርኩም! ያየው ሌላ፣ የሚጠየቀው ሌላ።

እዚህ እስኪደረስም ጉልበት አልቋል። አብዛኛው ማመልከቻ በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ይሆናል። በ60 ቀን ውስጥ «እንደገና ይታይልኝ» ይባላል፤ እሱም ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ተብሎ ይመለሳል፤ ሌላ 60 ቀን፣ ሌላ ፎርም፣ ከዚያ በኋላ ነው ዳኛ ፊት የሚቀረብበት ሂሪንግ የሚመጣው። በመሀሉ ወራት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ዓመት ይዞራል። እስከዚያ ምን እየበላህ ትኖራለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልሥራ ብትል፣ በ2025 ሥራ ሠርቶ በወር ከ1,620 ዶላር በላይ የሚያገኝ ሰው በደንቡ እንደ አካል ጉዳተኛ አይታይም ነበር። ገቢና ሀብቱ ጥቂት ለሆነ ሰው በሚሰጠው በኤስኤስአይ በኩል ያመለከተ ብቸኛ ሰው ደግሞ ያጠራቀመው ሀብት ከ2,000 ዶላር ማለፍ የለበትም። ይህ ልክ ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የእኛ ሰው እቁብ ደርሶት ገንዘቡን ባንክ ካስቀመጠ ወሩ ሲጠባ ባለጸጋ ሆኖ ያገኙታል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በሽታው ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጠርበት መንገድ ነው። ማመልከቻውን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ይህን በሽታ የሚመዝንበት አንቀጽ ቁጥሩ 11.02 ነው፤ አሁን ባለው መልኩ ከሴፕቴምበር 2016 ወዲህ ይሠራበታል። መላ ሰውነትን የሚያንፈራግጠው ዓይነት መድኃኒት እየተወሰደም ቢያንስ በወር አንዴ፣ ለ3 ተከታታይ ወር መምጣት አለበት። ሳይጥል አፍዝዞ ልብ የሚያስተው ዓይነት ደግሞ ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ለ3 ተከታታይ ወር። በ2 ወር አንዴ የሚጥለው ሰው ቢያንስ ለ4 ወር ያንኑ ከማስቆጠሩ ሌላ፣ በሰውነቱ እንቅስቃሴ ወይም በአእምሮው ሥራ ላይ ጎላ ያለ ጉድለት እንዳለበት ማሳየት ይጠበቅበታል።

ይሁን፣ ሕግ ነው። ግን ይቺን ስሙልኝ። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢጥልህ የሚቆጠርልህ አንድ ነው። አልቆም ብሎ አምቡላንስ ተጠርቶ፣ ሐኪሞች በመርፌ ተረባርበው ካስቆሙትም አንድ ነው። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው አንዲት ጭረት ናት።

«መድኃኒት እየተወሰደ» የምትለዋም ቃል ቀላል እንዳትመስላችሁ። የጤና ሽፋኑ ሜዲኬይድ ተቋርጦበት ክኒኑን ያጣውም፣ ክኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ወይም በትንሽ በትልቁ እያናደደው የተወውም፣ መዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ እኩል «መድኃኒቱን አይወስድም» ይባላሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ጸበል አለ። ሱባኤ ገብቶ ክኒኑን ለጊዜው ያቆመ ሰው ስንቱ ነው! እኔ እምነቱን አልነካም፤ ክኒንና ጸበል ራሳቸው ተጣልተው አያውቁም፣ የሚያጣሏቸው ሰዎች ናቸው። ግን በዚያ ሱባኤ ውስጥ የጣለው ሁሉ ከቆጠራው እንዳይሰረዝበት ያሰጋል።

ከደንቡ ይልቅ የሚጎዳን አንዳንዴ የገዛ አፋችን ነው። ሐኪሙ ገብቶ «እንዴት ነህ?» ሲል የእኛ ሰው ምን ይላል? «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሙስሊሙም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ገላውን ሲታጠብ ወድቆ ግንባሩ የተሰፋ ሰው እንኳን እንዲያው ነው የሚለው፤ ከልጅነታችን ሌላ መልስ አላስተማሩንም። የታመመ ሰው ሕመሙን ከዘረዘረ አማራሪ ይባላል፣ ፈጣሪውን ያላመሰገነም ይባላል። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ደህና እንደሆነ ይናገራል» ብሎ ይጽፋል። ያቺ መስመር ከዓመት በኋላ ዳኛው ፊት ትነበባለች። «ማመስገኔ ነበር እንጂ መዳኔ አልነበረም» ተብሎ በአስተርጓሚ በኩል እንዴት ይብራራል? አስተርጓሚውን መሥሪያ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፤ የሚተረጉመው ግን የተባለውን እንጂ የተዋጠውን አይደለም።

ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮህ የሚጠይቀው ፎርምም ከዚህ አይሻልም። ምግብ ታበስላለህ? ገበያ ትሄዳለህ? ልብስ ታጥባለህ? ዘወትር የምትሄድበት ቦታ የት ነው? ቤተ ክርስቲያን ብለህ ትጽፋለህ፤ እውነት ነዋ። አንባቢው ግን ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ቆሞ ይሠራል ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል? በዚህ በሽታ ባልጣለኝ ቀን ሁሉን እችላለሁ። የማልችለው የሚጥለኝን ቀን ማወቅ ነው። ድንቹን የምልጠው ሰው ከጎኔ ካለ ብቻ እንደሆነ፣ ምድጃውን እህቴ እንደምትለኩሰው፣ ከጣለኝ በኋላ ያለውን ቀን ሙሉ ተኝቼ እንደምውል የሚጻፍበት መስመር ጠባብ ነው። በጎን ወረቀት ጨምራችሁ ጻፉት።

ችሎቱ ላይ ደግሞ ስለ ሥራ ዓይነት የሚመሰክር ባለሙያ አለ። ዳኛው ይጠይቁታል፦ መሰላል የማይወጣ፣ ከፍታ ላይ የማይቆም፣ አደገኛ ማሽን የማይጠጋ፣ መኪና የማይነዳ ሰው ምን ሊሠራ ይችላል? ዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲና ኡበር ሲነዳ፣ ፓርኪንግ ሲሠራ የኖረ ሰው መሪ ከተወሰደበት ምን እንደሚቀረው እኛ እናውቃለን። ባለሙያው ግን ለመጨረሻ ጊዜ በ1991 ከታደሰ የሥራ መዝገብ እየጠቀሰ ይመልሳል። ለውዝ መራጭ የሚል ሥራ ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ! በ2024 ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ከመዝገቡ 114 የሥራ ዓይነቶችን ዛሬ እምብዛም አይገኙም ብሎ ከውሳኔ አስወጣ። «ለውዝ መምረጥ ትችላለህ» ተብሎ የተሸኘውን ሰው የሚክስ ግን የለም። ጠበቃ ያላችሁ፣ ባለሙያው አንድ ነገር ሳይጠየቅ እንዳያልፍ አሳስቡ፦ ይህ ሰው ባልታወቀ ቀን በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ከሥራ ቢቀር የሚታገሠው አሠሪ አለ? የብዙ ሰው ጉዳይ የሚዞረው በዚያች ጥያቄ ነው። ጠበቃው ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ከረታ ብቻ ነው፤ በተለመደው ውል ድርሻው ካለፈው ውዝፍ ክፍያ 25 በመቶ ሲሆን፣ ጣሪያው በኖቬምበር 2024 መጨረሻ 9,200 ዶላር ተደርጎ ነበር።

አሁን ወደ ምስክሩ ነገር ልምጣ። ደንቡ የሚጥለንን ሁኔታ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ቢቻል የሕክምና ባለሙያ፣ ቢያንስ አንዴ በዝርዝር እንዲገልጸው ይፈልጋል። ሐኪም ፊት ደግሞ አይጥልም፤ ይህ በሽታ ቀጠሮ አያከብርም። የአንጎል ምርመራውም በዚያች ሰዓት ምንም ሳያሳይ ሊቀር ይችላል፤ ደግነቱ ደንቡ የምርመራውን ውጤት ግዴታ አላደረገውም። የቀረው ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የሥራ ጓደኛ ነው። ለእነሱ ስንት ዓመት «ደም ግፊት ነው» ስንል ኖርን? እናት የልጇ ትዳር እንዳይሰናከል ትደብቃለች፣ አከራይ እንዳያስወጣን እንደብቃለን፣ ማኅበርተኛ እንዳይሸሸን እንደብቃለን። እንዲህ ታሽጎ የኖረ በሽታ አንድ ቀን ምስክር አምጣ ሲባል ከየት ይምጣ? ሰው ሲሸሸን ስላየን እንጂ ወደን አልደበቅነውም።

ስለዚህ ልመናዬ አብራችሁን ለምትኖሩ ነው። ስንወድቅ ክብሪት ልታስሸትቱን አትሩጡ። በጎን አስተኙን፣ አፋችን ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ ሰዓት ያዙ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ 911 ደውሉ። ስንነቃ ደግሞ ቀኑን፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ያያችሁትን ሁሉ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጽፋችሁ ፈርሙበት። የሂሪንጉ ማስታወቂያ ቢያንስ ከ75 ቀን በፊት ይላካል፣ ማስረጃ ደግሞ ከሂሪንጉ 5 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ መግባት አለበት፤ «ነገ እጽፍልሃለሁ» አትበሉን።