ዛፍ አለመቆረጡን ለማረጋገጥ ዛፍ ስለመቁረጥ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 7.200000
(ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ የሌለው ቁጥር ተቀባይነት ስለሌለው)

የአውሮፓ ኅብረት ግንቦት 23 ቀን 2015 ባጸደቀው ደንብ፣ ደን ተመንጥሮ በተተከለ ቡና ላይ ገበያውን ለመዝጋት የወሰነ በመሆኑ፤

ደንቡ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ወዲህ የመነጠረውን እንጂ ከዚያ በፊት የመነጠረውን የማይጠይቅ በመሆኑ፣ በሸካ ለሻይና ለቡና ልማት ቀደም ብለው ደን የጨረሱ ባለሀብቶች ንጹሓን፣ ደኑን ያቆየው ገበሬ ግን ተጠርጣሪ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ዙሪያ የጫካ ቡና ከዋንዛ፣ ከብሳናና ከቀረሮ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ጥላውም ያለ ማንም ሰርተፍኬት ተጠብቆ የኖረ በመሆኑ፤

ይህንኑ ጥላ ማንሳት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሰማይ መክፈቻ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

1) «ደን» ማለት ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ ያደጉ፣ ጥላቸውም ከመሬቱ ከመቶ 10 በላይ የሸፈነ ቦታ ነው። እርሻ ከሆነ ግን ደን አይደለም። የጫካ ቡና ደን ይሁን እርሻ፣ እንደ ጠያቂው ይወሰናል።

2) «ነጥብ» ማለት ከ4 ሄክታር ያልበለጠ ማሳ ያለው ሰው በምድር ላይ ያለው ሕልውና፣ በሳተላይት ተለክቶ በቁጥር ሲጻፍ ነው።

3) «ልጁ» ማለት ታብሌት ይዞ ነጥብ ሊወስድ የተላከ፣ ላብ ያጠመቀው ጨዋ ወጣት ነው። በዚህ አዋጅ ውስጥ ለሚነሳ ቁጣ ሁሉ ተጠያቂ አይሆንም።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

ገበሬው ላይ።

4. ሰማይን ስለማሳየት

1) ማንኛውም ቡና አምራች ማሳው መካከል ቆሞ ነጥቡን ያስመዘግባል።

2) ነጥቡ ስድስት አሃዝ ድረስ ይወርዳል። ስድስተኛው አሃዝ መሬት ላይ ሲለካ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንዝር አይሞላም። መሣሪያው ደግሞ ወፍራም ጥላ ሥር ሲገባ በብዙ ሜትር ይስታል። ስለሆነም አምራቹ በስንዝር ተጠንቅቆ በብዙ ሜትር ይሳሳታል።

3) ቅጠሉ ሳተላይቱን ከጋረደ ልጁ «ጋሼ፣ ሰማይ አይታይም፤ ይቺን ቅርንጫፍ ብናነሳትስ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። አምራቹም ገጀራ ያመጣል።

4) በንዑስ አንቀጽ (3) የተደነገገው ቢኖርም፤

ሀ) የወደቀው ቅርንጫፍ «ተቆረጠ» አይባልም፤ «ሰማይ ተከፈተ» ይባላል።

ለ) ቅርንጫፉ ላይ ቀፎ የተሰቀለ እንደሆነ፣ ንቦቹ በራሳቸው ወይም በሕጋዊ ወኪላቸው በኩል ተቃውሞ እንዲያቀርቡ ሦስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል።

ሐ) ቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛ ካለ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 በፊት እዚያ ይኖር እንደነበር ማስረጃ ሲያቀርብ ቅርንጫፉ ይቀርለታል፤ አምራቹ ሌላ ዛፍ ይመርጣል።

መ) ዝናብ ከሆነ ታብሌቱ እንዳይርስ ዣንጥላ ይዘረጋል። ዣንጥላው ሰማይ የጋረደ እንደሆነ በንዑስ አንቀጽ (3) መሠረት ይነሳል።

ሠ) አምራቹ ዛፉን አልነካም ብሎ፣ ገላጣ ፍለጋ ወደ መንገድ ወጥቶ ነጥቡን ከሰጠ፣ ማሳው መንገዱ ላይ እንደሆነ ይቆጠራል፤ አስፋልት ላይ እንዴት ቡና እንዳበቀለም ማብራሪያ ይጠየቃል።

ረ) ቅርንጫፉ የነበረበት ቀዳዳ በቀጣዩ ዓመት የሳተላይት ምስል ላይ ከታየ፣ አምራቹ ቀዳዳውን የከፈተው ቀዳዳ አለመኖሩን ለማስረዳት እንደነበር ያስረዳል። ለዚህም የቀዳዳውን ነጥብ ያቀርባል። ነጥቡ አልነበብ ካለ ቀዳዳው ይሰፋል።

ሰ) ቀዳዳው እየሰፋ ማሳውን ሁሉ ያዳረሰ እንደሆነ መሣሪያው ያለ አንዳች ስሕተት ያነባል። ነጥቡ ፍጹም ትክክል ይሆናል። ቡናው አይሸጥም።

5) (ይህ ንዑስ አንቀጽ በረቂቁ ላይ አልነበረም፤ አርቃቂው ነው የጨመረው።) ያቺን ዋንዛ እኔ አልተከልኳትም። አባቴም አልተከላትም። እኛ ያደረግነው ነገር ቢኖር አለመቁረጥ ነው፤ አለመቁረጥ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። የሸካ ሰው ደኑን በኮቦ ሥርዓት ተከፋፍሎ ቀፎ ሲሰቅል ዩኔስኮ ገና አልተፈጠረም። በ2004 ደኑ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ሲመዘገብ፣ የተመዘገበው የዚያ ሰው አለመቁረጥ ነው። አሁን ለዚሁ ሰው ልጅ ገጀራ አንሳና አለመቁረጥህን አሳይ ይሉታል!

ይሁን፤ አነሳሁ፤ ቆረጥኩ። ነጥቤን ወሰዱ። የነጥቡን ግልባጭ ስጡኝ ብል «ዳታው የድርጅቱ ነው» ተባልኩ። ቡናዬን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ሐምቡርግ ቁጭ ብሎ የቆምኩባትን መሬት በስንዝር ያውቃታል። እዚህ አገሬ ላይ የይዞታ ደብተር ልጠይቅ ስሄድ ግን «ይሄ እኮ ደን ነው፤ ያንተ አይደለም» ይሉኛል። ለአውሮፓ ሲሆን እርሻ ነው በል፤ ለመዝገብ ቤት ሲሆን ደን ነው። እሺ፣ ያንተ አይደለም ካላችሁኝ፣ እኔ የማንን ዛፍ ነው የቆረጥኩት? የእኔ ነው ካላችሁኝስ ደብተሬ የት አለ? ቡናው ሲጣራ የእኔ፣ መሬቱ ሲጻፍ የማንም! አራት ሄክታር የማይሞላ ማሳ ሁለት ስም ይዞ ሲያድር፣ አንዱም ስም የእኔ አይሆንም?

ወደ አዋጁ እንመለስ።

5. ስለ መፈልፈያ ጣቢያዎች

የእሸት ቡና መፈልፈያ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ ለቆ ውኃው የሸተተ እንደሆነ፣ ሽታ ከሰማይ ስለማይታይ ይህ አንቀጽ እዚህ ላይ ያበቃል።

6. ስለ ሰርተፍኬት

ሰርተፍኬቱ ላኪው ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አምራቹ ስሙ አባሪው ውስጥ እንዳለ ማመን ይችላል።

7. ስለ ተጨማሪ ክፍያ

ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።

8. ስለ ይግባኝ

ኔትወርክ ሲኖር።

9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

1) ገዢውን በሚመለከት፦ የአውሮፓው ደንብ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ይጸናል ተብሎ ነበር፤ ዝግጅቱ አልተጠናቀቀም ተብሎ አንድ ዓመት፣ ቀጥሎም የኮምፒዩተር ሥርዓቱ ጫናውን አይችልም ተብሎ ሌላ አንድ ዓመት ተጨምሮለት ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ሆኗል። አነስተኛ ገዢዎች መደናገጥ ስለሌለባቸው ስድስት ወር ይመረቅላቸዋል።

2) አምራቹን በሚመለከት፦ ቅርንጫፍ ማራዘሚያ ስለማይሰጠው፣ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ የጸና ነው።