የባለታክሲው ኑዛዜ

ንስሐ አባቴ ደግ ሰው ናቸው። ጾም ገድፈህ እንደሆነ፣ ሰው አስቀይመህ እንደሆነ፣ በሐሰት ምለህ እንደሆነ ተናገር ይሉኛል። አንድም ቀን ግን “የሕፃን ካር ሲት በወጉ አስረሃል ወይ?” ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ስላልጠየቁኝ እኔም ዝም ብዬ ኖርኩ። ዛሬ እናንተ ፊት ልናዘዝ፤ ቀኖናውን እናንተው ስጡኝ።

እንጀራዬ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ነው። ተራ የምንጠብቅበትን ቦታ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቡናው፣ ፖለቲካው፣ የኳሱ ክርክር ሁሉ በአማርኛ ነው። እዚያ ሕግ አላውቅም የሚል ሹፌር የለም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። የካር ሲት ነገር ከተነሳ ጠበቃ አያስፈልግም። ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው ለልጅ በተሠራ መቀመጫ መታሰር አለበት። ከጁላይ 2019 ወዲህ ደግሞ 2 ዓመት እስኪሞላው፣ ወይም አምራቹ ፊቱን ወደፊት ለማዞር ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ክብደት እስኪደርስ ድረስ፣ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ቅጣቱ 50 ዶላር ነው፤ በሌላ ቀን ከተደገመ እስከ 500 ይደርሳል። የቅጣቱ ገንዘብ አቅም ላነሳቸው ቤተሰቦች ካር ሲት መግዣ ይሆናል። ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ አብልጬ የምወዳት ግን አንዲት ነጥብ ናት፤ ሕጉ ታክሲን አያስገድድም።

በዚህች ነጥብ ብዙ ኃጢአት ሠርቻለሁ። ተራዬ እስኪደርስ ሰዓታት ስጠብቅ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ሻንጣ የሚገፋ አባትና ሕፃን ያቀፈች እናት ካር ሲት እየጎተቱ ይመጡብኛል። አባትየው ወንበሩን ሊያስር ጎንበስ ሲል ሆዴ ይቃጠላል። ያ ሁሉ ትግል ሜትር አይቆጥርም። ስለዚህ ፈገግ ብዬ፣ “ጌታዬ፣ ታክሲ ላይ እኮ ግዴታ አይደለም፤ ደግሞ ቅርብ ነው” እላለሁ። ቅርብ ያልኩት ዋሽንግተን መሃል ከተማን ነው፤ ከዳለስ 26 ማይል ያህል ይርቃል። አንዳንዱ አባት እኔን አምኖ ወንበሩን ከሻንጣው ጋር ኋላ ይጭነዋል። እኔም በልቤ፣ ጊዜ ስላተረፍኩላቸው ሊያመሰግኑኝ ይገባ ነበር እላለሁ።

የተራ ጥበቃ ጓደኞቼ ሲከራከሩኝ ክርክሬን ባሕር ማዶ ሁሉ አሻግረው ነበር። ኒውዮርክ ታክሲ ውስጥ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አዋቂ ጭን ላይ መቀመጥ ይፈቀድለታል። እንግሊዝ አገር ሹፌሩ ትክክለኛውን የልጅ መቀመጫ ካላቀረበ፣ ልጅ ያለ መቀመጫ በታክሲ ሊሄድ ይችላል፤ ኋላ ወንበር ላይ ይሁን እንጂ። 3 ዓመት የሞላው የአዋቂ ቀበቶ ያስራል፤ ከ3 ዓመት በታች ያለው ቀበቶም የለው። “እንግዲህ የንጉሡ አገር የፈቀደውን እኔ ማን ነኝ የምከለክለው?” ስል የሚመልስልኝ ይጠፋል። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ሹፌሮች ወንበር ያልያዘ ቤተሰብ አንጭንም ሲሉ ስሰማ እስቅባቸው ነበር። ከእኔ ይሻሉ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ባለቤቴ የስምንት ወር ልጃችንን ይዛ አዲስ አበባ ዘመድ ልትጠይቅ ስትነሳ ካር ሲቱን ልውሰድ ብላ ነበር። “ምን አሸከመሽ? እዚያ ማን ያስርበታል?” ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እሷ ግን አንብባ ነበር። ወንበሩ ላይ በቀይ ቀለም ለመኪናም ለአውሮፕላንም የተፈቀደ መሆኑ ከተጻፈ፣ ለልጁ ቦታ ከተቆረጠለት፣ አውሮፕላን ውስጥም ይታሰርበታል። ካልሆነም ብዙ አየር መንገዶች ያለ ክፍያ ይጭኑታል። እኔ የበረራውን ሕግ አላጠናሁም፤ የእኔ ዕውቀት የሚጀምረው ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ነው። እሱም አጉል ዕውቀት።

የምትመለስበት ቀን እናቷንም አስከትላ መጣች። በስልክ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ካር ሲቱን እንዳትረሳ።” እኔ አበባውን አልረሳሁም፣ ፊኛውን አልረሳሁም፣ ለአማቴ ወፍራም ጃኬት እንኳ ይዣለሁ። ካር ሲቱ ግን አሌክሳንድሪያ ቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። ዕቃ ልጭን ብዬ ከመኪናዋ ያወረድኩት ጊዜ እዚያው ወርውሬው ነበር።

በሩ ላይ ተሳስመን፣ በርበሬና ሽሮ የሞላውን ሻንጣ ጭነን ስናበቃ ባለቤቴ የኋላውን በር ከፈተች። አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

አማቴ ነገሩን ሊያቀልሉ ፈለጉ። “ኧረ ወዲህ ስጪኝ፣ ጭኔ ላይ አቅፌው እሄዳለሁ። አንቺን ከሆስፒታል ያወጣሁሽ በላዳ አቅፌሽ አይደል?”

ይሉኝታ የሚባለው በሽታዬ እዚህ ላይ ተነሳ። አማት ገና እግራቸው አሜሪካ እንደረገጠ “አይሆንም” ይባላሉ? “እማማ እውነታቸውን ነው” አልኩ። ባለቤቴ ዝም ስትለኝ ጊዜ ነጥቤን መዘዝኩ። “ደግሞ ይሄ ታክሲ ነው። ሕጉ ታክሲን አያስገድድም።”

“ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ጠፍቷል። አሁን ታክሲ አይደለህም” አለችኝ።

ይህን ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን ኑዛዜ ነው። ሄጄ መብራቱን አበራሁት።

“እንግዲያው ሜትሩንም ክፈተው” አለች። “ልጅህን ስንት ልታስከፍለው ነው?”

ከኋላዬ ተራ የያዘ ጓደኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ታሪኩ እስከ ማታ ተራ ጥበቃው ጋ ደርሶ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ባለቤቴ ልጁን አዘለችና በመሬት ውስጡ መተላለፊያ ወደ ሜትሮ ሄደች። ዳለስ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የሲልቨር ላይን ባቡር ጣቢያ አለው፤ ባቡር ላይ ካር ሲት የሚጠይቅ የለም። ሮስሊን ወርዳ በብሉ ላይን እስከ ኪንግ ስትሪት ትመጣለች። እኔ ሻንጣውንና አማቴን ይዤ ቤት ደርሼ፣ ካር ሲቱን ይዤ እቀበላታለሁ። እኔ ከዳለስ ሰው እያወጣሁ የምኖር ሰው ሆኜ፣ የገዛ ልጄ ከዳለስ የወጣው በባቡር ነው።

አማቴ ቀበቷቸውን አስረው እስከ ቤልትዌይ ድረስ አልተናገሩም። በኋላ፣ “ልጄ፣ ሥራህ ሰው ማመላለስ ነው አሉኝ” አሉ።

“አዎ እማማ።”

“የራስህን ሰው ግን በባቡር ነው የምትልከው።”

ኪንግ ስትሪት ጣቢያው አጠገብ ቆሜ ካር ሲቱን ለማሰር ታገልኩ። በጉልበቴ ተጫንኩት፣ ቀበቶውን ባገኘሁት ቀዳዳ አሾለክሁት። ፊቱን ወደ ኋላ ለሚያዞር ልጅ የሚሆነው የቀበቶ መንገድ ሌላ፣ ፊቱን ወደ ፊት ለሚያዞረው ሌላ እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያው ደግሞ ወንበሩ ጀርባ ላይ ከነፕላስቲኩ ተለጥፎ ነበር። ባለቤቴ መጥታ ቀበቶው የሚያልፍበት ጋ በአንድ እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ከግራ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ። ከ1 ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ፈታ እንደገና አሰረችው፤ እኔ ሻንጣ የለመደ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ አየሁ።

በሳምንቱ በግድ ወደ ምርመራ ተወሰድኩ። እዚህ አገር ካር ሲት በትክክል መታሰሩን የሚያዩ፣ ለዚሁ የሠለጠኑና የምስክር ወረቀት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በቀጠሮ በነፃ ያዩላችኋል። ያየችልን ወጣት ሴት መጀመሪያ ወንበሩን ገልብጣ ሆዱ ላይ የታተመውን ቀን አነበበች። የአገልግሎት ዘመኑ አልፏል። ወንበሩን የሰጠኝ ሦስት ልጆች ያሳደገበት ወዳጄ ነው። ፕላስቲኩ በሙቀትና በብርድ ስለሚደክም ወንበሩ የመጨረሻ ቀን እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ከባድ ግጭት ያየ ወንበርም እንደገና አገልግሎት ላይ አይውልም። ለክርስትናው ሙሉ በግ ጥዬ፣ አዳራሽ ተከራይቼ፣ ቪዲዮ ቀራጭ ጠርቼ ነበር። ክርስትና የተነሳው ልጅ የሚታሰርበትን ግን በነፃ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ካር ሲት ሁሉ፣ ከ100 ዶላር በታች ያለውም ቢሆን፣ ያንኑ የፌዴራል መመዘኛ ማሟላት አለበት። ስስቴ ምክንያት እንኳ አልነበረውም።

ቀጥላ ልጁን እንደወትሮዬ እንዳስር ጠየቀችኝ። አማቴ በጋቢ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ እኔም ከነጋቢው አሰርኩት። ደረቱ ላይ የሚያያዘው መቆለፊያ ብብቱ ትይዩ መሆን ሲገባው እምብርቱ ላይ አደረግሁት። ልጅቷ ጋቢውን ከሥር መዝዛ ስታወጣው ማሰሪያው እንዳለ ላላ፤ ጣቶቿን በትከሻው በኩል አስገብታ ማሰሪያውን እንደ ልቧ ቆነጠጠችው። “በትክክል የታሰረ ማሰሪያ አይቆነጠጥም። ጋቢውን ካሰራችሁት በኋላ ከላይ አልብሱት” አለችን። ፊቴን ስታይ ልታጽናናኝ ብላ፣ ከሚመረመሩት ወንበሮች ግማሽ ያህሉ አንድ ስህተት እንደሚገኝባቸው ነገረችኝ። እኔ ብቻዬን ለግማሹ ድርሻ እበቃለሁ።

እዚያ ቆሜ ነው የምወዳት ነጥቤ ምን እንደሆነች የገባኝ። ሕጉ ታክሲን የማረው፣ አንድ ሹፌር ለአራስም ለአራት ዓመት ልጅም የሚሆን ወንበር ይዞ መዞር ስለማይችል ነው። ለሹፌሩ ታዝኖለት ነው፤ ታክሲ ውስጥ ያለ ልጅ አይጎዳም ተብሎ አይደለም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰዓት 30 ማይል የሚሄድ መኪና ሲጋጭ የሚወረወርበት ኃይል ወደ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ይህን አቅፎ የሚያስቀር ክንድ የለም፤ የአማቴም ክንድ፣ ምንም እንኳ ጠንካራ ቢሆን። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ መኪና ውስጥ በልጅ መቀመጫ መታሰር ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን የመሞት ዕድልን በ71 በመቶ ይቀንሳል። ታክሲና የቤት መኪና የሚሮጡት በአንድ መንገድ ላይ ነው፤ የሚጋጩትም እንደዚያው።

ስለዚህ እንግዳ ልትቀበሉ የምትሄዱ፣ የሚመጣው ሰው ሕፃን ካለው አበባው ይቅርና መጀመሪያ ወንበሩን ጫኑ፤ ከቤት ሳትወጡ እሰሩት። የምትጓዙ ወላጆች፣ ወንበራችሁን ይዛችሁ ተጓዙ፤ ቡስተር የሚባለው ከፍ ማድረጊያ ወንበር ግን አውሮፕላን ውስጥ ስለማይፈቀድ ከሻንጣው ጋር ይሂድ። ታክሲ ስትይዙም፣ ወንበሩን እስክታስሩ ሹፌሩ ቢቁነጠነጥ አትቸኩሉ። “ታክሲ ላይ ግዴታ አይደለም” ካላችሁ እውነቱን ነው፤ ግን አትስሙት። ሹፌሩ እኔ ብሆንም እንኳ አትስሙኝ።