አገር ስጠኝ

ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። «አባዬ፣ እናንተ ዘንድ ያለው ማሙሽ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ መጫወቻ ይግዙለት። ግን ዝም ብሎ መጫወቻ እንዳይሆን፤ የሚያዝናናው፣ ምናቡንም የሚያሰፋለት ይሁን» አለችኝ። ሰው ጫማ ግዛ ሲለኝ ቁጥሩን ይነግረኛል። የልጁ ምናብ ስንት ቁጥር እንደሆነ ግን ሳትነግረኝ ስልኩን ዘጋችው።

እኔ 73 ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ዳገት አይወድም፤ ጎንደር ደግሞ ዳገት ያልሆነው መንገዷ ሁሉ ቁልቁለት ነው። ቢሆንም የልጅ ልጅ ነውና ከዘራዬን ይዤ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ከጣሪያ እስከ ወለል ላስቲክ ነው። ቀለሙ ዓይን ያማል።

«ፋዘር፣ ለወንድ ነው ለሴት?» አለኝ ባለሱቁ ጎረምሳ።

«ለልጅ ነው» አልኩት።

አንድ ውሻ አወጣ። ሆዱን ሲነካው ውሻው ጮኸ፣ ዘፈነ፣ ተገለበጠ፣ ዓይኑን አበራ፤ መጨረሻ ላይም ራሱ ለራሱ አጨበጨበ።

«እሺ፣ ልጁስ ምን ይሠራል?»

«ያያላ ፋዘር!»

ይኸው ነው እንግዲህ። መጫወቻው ራሱ ተጫውቶ ከጨረሰ ለልጁ ምን ቀረለት? ባትሪ መቀየር እንዳልል እሱም የኔ ሥራ ነው።

ከውሻው ቀጥሎ በየትኛው አገር ቋንቋ እንደሚዘፍን ያልለየለት ስልክ መጣ። ከዚያ ፀጉሯ የገብስ ነዶ የመሰለ አሻንጉሊት። የዚህችን ታላቅ እኅት፣ ባርቢ የሚሏትን፣ አሜሪካኖች ገበያ ያወጧት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አያንስም፤ እሷ ግን አንድ ሽበት የላትም። ኒውዮርክ ያሉ የአገራችን ሴቶች ማክዳን፣ ንግሥተ ሳባን፣ በአሻንጉሊት ሠርተዋት እንደነበር አውቃለሁ። «ማክዳ የለችም?» ብዬ ጠየቅሁ። የለችም። ኢየሩሳሌም ድረስ በግመል የሄደች ሴት ጎንደር ፒያሳ መድረስ አቃታት።

ቀጥሎ ጠመንጃ አወጣ። ቃታውን ሲስበው ተንጣጣ፤ አፈሙዙ ላይ ቀይ መብራት በራ። «ይኼ በጣም ይሸጣል» አለኝ። መልሰው አልኩት። የተኩስ ድምፅ ለመስማት እኛ ባትሪ መግዛት አያስፈልገንም።

አንዲት ነገር ግን አልነቅፍም። አንዳንዱ ካርቶን ላይ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ እንዳይሰጥ የሚከለክል ምልክት አለ፤ ትንንሹ ፍሬ ጉሮሮ ላይ ይቀራልና። በኛ ጊዜ እንዲህ የሚል ምልክት አልነበረም፤ ጠጠር የዋጠ የጎረቤታችንን ልጅ እናቱ ሁለት ቀን ሙሉ ከኋላ ከኋላው ስትከተለው አስታውሳለሁ። ጠጠሩ በሦስተኛው ቀን ሲገኝ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ።

በመጨረሻ እየተገጣጠመ ግንብ የሚሆን የላስቲክ ጡብ ገዛሁ። የዚህ ዘር አባት የዴንማርኩ ሌጎ ነው፤ ዛሬ የምናየውን እርስ በርሱ የሚቆለፍ ጡብ በ1958 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ። ስሙም በቋንቋቸው «በደንብ ተጫወት» ከሚለው የወጣ ነው። በደንብ ተጫወት! እኔ በልጅነቴ ስሰማ ያደግሁት «በቃ፣ ተነስ!» የሚለውን ነው።

ከቤታችን መስኮት የፋሲል ግንብ ይታያል። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ሊያየው የሚመጣው ግንብ። ማሙሽ ለፋሲል ጀርባውን ሰጥቶ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠና ካርቶኑን እያየ ላስቲኩን ይገጣጥም ጀመር።

«ይኼ ግንብ የየትኛው ንጉሥ ነው?» አልኩት።

«የማንም አይደለም አባባ፤ ባለ 216 ፍሬ ነው።»

አዘንኩ። ማዘኔን ባለቤቴ እንድታይልኝ ጮክ ብዬ ተነፈስኩ። አላየችልኝም።

በኛ ጊዜ፣ ወገራ፣ ዳባት አካባቢ፣ መጫወቻ ይሠራል እንጂ አይገዛም፤ ከጠፋም ይሰረቃል። የጨርቅ ኳስ ማለት የሰው ሁሉ ቡትቶ ተጠቅልሎ ነው፤ ኳሷ ስትፈታ የማን ቀሚስ እንደጠፋ ይታወቃል። የጭቃ በሬ ሠርተን ፀሐይ ላይ እናደርቃለን፤ ቀንበር እንሠራለታለን፣ ስም እናወጣለታለን፣ አላርስም ሲል እንገርፈዋለን። ለቡሄ ጅራፍ እንገምዳለን። ለገና ጨዋታ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ጫፉ የቆለመመ ወይራ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ነው። ዱላውን እሳት ላይ አጥፎ የመጣ ይሳቅበታል፤ ራሱ ጎብጦ ያደገውን ማግኘት ነው ወግ። ታኅሣሥ 29 ሩሯ ስትወነጨፍ የባለጸጋ ቅልጥም ብታገኝ እንኳ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም ተብሏልና ሰውየው እያነከሰ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ በማግሥቱ ይቆጣል።

ይህን ለሱቁ ጎረምሳ ባወራው «ፋዘር ድሮ ቀረ» ይለኛል። አልቀረም! አሜሪካ፣ ሮቸስተር የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ለታላላቅ መጫወቻዎች የቆመ የክብር አዳራሽ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ባዶ ካርቶን ገባበት። በ2008 ደግሞ ዱላ። አዎን፣ ዱላ! ልጅ እጅ ሲገባ ፈረስም፣ ጦርም፣ መቅዘፊያም ይሆናል ብለው ነው። እኔን ማን አማከረኝ? በጀርባዬ ላይ ያረፈው ዱላ ብቻ ቢሰበሰብ ለራሱ አንድ አዳራሽ ይሞላል።

እንግዲያስ ወንድ ከሆንኩ፣ አልኩ ለራሴ፣ የሽቦ መኪና እሠራለታለሁ። ጎንደር ለትምህርት የመጣሁ ጊዜ የሽቦ መኪናዬን አንገቷ ረጅም መሪ አበጅቼላት ከአራዳ እስከ ቀሃ ነድቻታለሁ። ያኔ ሽቦው ከአጥር ይገኝ ነበር፤ የማን አጥር እንደነበር አሁን ማንሳት አያስፈልግም። ዛሬ አጥሩ ሁሉ ብሎኬት ነው። የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ፤ ሽቦ ከኪሎ በታች አንሸጥም አሉኝ። ኪሎ ገዛሁ። ፒንሳ ገዛሁ። ለጎማ አሮጌ ነጠላ ጫማ ፈልጌ ስላጣሁ ብዙም አዲስ ያልሆነ ነጠላ ጫማ ቆረጥሁ።

«ኧረ አንቱ ሰው! የበዓል ጫማዬን!» አለች ባለቤቴ።

ሁለት ቀን ጎንበስ ብዬ ሠራሁ። ሦስት ጣቴን ወጋሁ። መኪናዋ ስታልቅ አንዱ ጎማ ወደ አዘዞ፣ ሌላው ወደ ደባርቅ ይሄዳል። ወጪውን ስደምረው የላስቲክ መኪና ሁለት ጊዜ ይገዛል። የድሃ መጫወቻ ለሀብታም ብቻ የሚሆንበት ዘመን ላይ ደረስን ማለት ነው። ማሙሽ መኪናዋን አገላብጦ አያትና በሐዘን ስሜት «አባባ፣ የተጋጨ ነው?» አለኝ።

ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ጭቃ አለ። ጭቃው የት አለ? ሰፈራችን ኮብልስቶን ለብሷል። ስለዚህ ጭቃውን ሠርተው የሚሸጡት ዘንድ፣ በደባርቅ መንገድ ወጣ ብላ ወዳለችው ወለቃ ሄድኩ። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄዱ፤ የሸክላው ሙያ ግን እዚያው ቀረ። ሴቶቹ መንገድ ዳር ትንንሽ አንበሳ ደርድረው ለእንግዳ ይሸጣሉ። አንዱን ገዛሁ። ባትሪ የለው፣ አይዘፍን፣ አይገለበጥ፤ እንደ ደህና ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያያል። ወደድኩት።

ማሙሽ ተቀበለኝና ወስዶ ከላስቲኩ ግንብ በር ላይ አቆመው። «ይኼ ዘበኛው ነው» አለ። እኔም የፋሲል ግቢ ውስጥ የእውነት የአንበሳ ቤት እንዳለ ነገርኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። ግንቡን አፈረሰ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ትቶ አጥር፣ በር፣ ክፍል ያለው የአንበሳ ቤት ሠራ፤ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ዞሮ ፋሲልን አየና አንድ ፎቅ ጨመረበት። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ለማጉረምረም ምክንያት ስፈልግ አመሸሁ። ደግነቱ ማታ የአንበሳው ጆሮ ተሰበረ።

እውነቱን ካወጣሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገር፤ ባለቤቴ አትስማ። የኛም መጫወቻ ቢሆን ሲታይ ሥራ ነበር። የጭቃው በሬ የእርሻ ልምምድ ነው። ወንጭፉ ዝንጀሮ ከገብስ ማባረሪያ ነው። ሴቶቹ እቃቃ ሲጫወቱ እንጀራ ይጋግራሉ፣ የጨርቅ ልጅ አዝለው ያባብላሉ፤ ጨዋታው ሲያልቅ እውነተኛው እንጀራና እውነተኛው ልጅ ይጠብቃቸዋል። አባታችን የሠራውን ከመሥራት ውጪ ሌላ ነገር ያለመ ልጅ አላስታውስም። አባቴስ ቢሆን መቼ ወደደልኝ? «ያ የጭቃ በሬህ ስንት ጥማድ አረሰ?» ብሎ በእግሩ ነው የረገጠው። የተባበሩት መንግሥታት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሕፃናት ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ መጫወት የልጅ መብት ነው ብሎ ጻፈ፤ ኢትዮጵያም በ1991 ተቀበለችው። አባቴ ግን አልፈረመም።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ውሻ የለ፣ ስልክ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። ማሙሽ ጨለማ ስለሚፈራ ጉያዬ ገባ።

«እንቆቅልህ?» አልኩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

ጉድ በል ጎንደር! ስድስት ዓመት ሊሞላው የቀረው ሳምንት ነው፤ እንቆቅልህ አያውቅም። አስተማርሁት። «ምን አውቅልህ ትላለህ፤ እኔ እጠይቅሃለሁ፤ ካላወቅህ አገር ትሰጠኛለህ።» ከዚያ ጠየቅሁት፤ «በወጣትነቱ ጢም ያወጣል፣ ሲሸመግል ጢሙን ይላጫል?»

«ጋሽ ባለሱቁ?»

«አይደለም።»

«አላውቅም።»

«አገር ስጠኝ።»

አሰበና «ቻይናን ሰጠሁህ» አለ።

እንዴት ደስ አለኝ! «ቻይና ሄጄ፣ የመጫወቻ ፋብሪካውን ቁልፍ ተረክቤ፣ የሚዘፍነውን ውሻ ሁሉ አስተኝቼ፣ እኔ በወርቅ ወንበር ስቀመጥ አንተን ባትሪ ልቀም ብዬ ላክሁህ። መልሱ ገብስ ነው!»

ሳቀ፤ ጨለማውንም ረሳው። «አሁን የኔ ተራ ነው» አለ። «እንቆቅልህ?»

«ምን አውቅልህ?»

«ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ግን አይዘንብም?»

«ደረቅ ደመና» አልኩ። አይደለም። «ወፍጮ።» አይደለም። «ድመት።» አይደለም። «አውሮፕላን?» አይደለም። በጨለማው ውስጥ የባለቤቴ ሳቅ ጀመረ፤ እኔ ግን አልገባኝም። ወገራን ያህል እንቆቅልህ የሚፈታ አገር ውስጥ ያደግሁ ሰው በዚህች ልረታ?

«አገር ስጠኝ» አለ ማሙሽ።

«አዘዞን ሰጠሁህ።»

«አልፈልግም፣ አውሮፕላን ይጮህብኛል።»

«ደባርቅን።»

«ይበርዳል።»

«ጎንደርን ሰጠሁህ በቃ!»

«ጎንደር ሄጄ» አለ ድምፁን እንደኔ አወፍሮ፣ «ፋሲል ግንብ ላይ ወጥቼ፣ አንበሳዬን በር ላይ አስሬ፣ ለአያቴ አዲስ ጫማ ገዝቼ፣ ወደ ታች ሳይ አንድ ሽማግሌ የተጋጨ መኪና ይጠግናል። መልሱ አንተ ነህ አባባ!»

«አንቱ» ማለትን ሳያስተምሩት ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህንንም በጨለማው ውስጥ ለብቻዬ አጉረመረምሁ፤ ሁለቱም ሰሙኝና እንደገና ሳቁ።

በማግሥቱ ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ መጫወቻው ተገኘ?»

«ተገኘ» አልኳት። «ጎንደር ግን ከእጃችን ወጣች።»