ኮፈን ላይ የበቀለ እንጨት

እኛ ሰፈር፣ ፋልከንሪጅ፣ መኪና የሚጠራው በጠባሳው ዘመን ነው። "ያቺ የ2020ዋ፣ ይቺ የ2024ቷ" ሲባል ከሰማችሁ ስለ ሞዴል እንዳይመስላችሁ፤ ወሬው ስለ በረዶ ነው። ጁን 13 ቀን 2020፣ በእኛ ሰኔ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ላይ የቴኒስ ኳስ የሚያህል በረዶ ወርዶ የቤታችንን ግድግዳ ሳይቀር በሳሳው። ጣሪያና ግድግዳ አስለውጠን "ከእንግዲህስ ይማረናል" ስንል፣ ኦገስት 5 ቀን 2024፣ ያውም በዓል ሆኖ መኪናው ሁሉ ደጅ በቆመበት ቀን፣ ደገመን። የኢንሹራንስ ሰዎች የመጀመሪያውን ጉዳት 1.2 ቢሊዮን፣ የሁለተኛውን 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብለው ገመቱት። ከዚያ ሁሉ ቢሊዮን ለእኔ ኮሮላ የደረሳት በአንዲት ቼክ መጣች። እኔም በቼኳ ቴሌቪዥን ገዛሁ።

ቆይ፣ ሳትፈርዱ ስሙኝ። መኪናዋ ትሄዳለች። ፍሬኗ ይይዛል፣ ፍሬቻዋ ይበራል፤ ኮፈኗ ስርጉድ በስርጉድ ሆነ እንጂ ስርጉድ ቤንዚን አይጠጣም። አሮጌው ቴሌቪዥናችን ግን ወደ አረንጓዴ አድልቶ ዜና አንባቢው ሁሉ ወባ የያዘው ይመስል ነበር። ባለቤቴ ነገሩን ስታውቅ ምንም አላለችም። እሷ ምንም ካላለች ጉዳዩ መዝገብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ቀጠሮው ብቻ ነው የማይታወቀው።

በአዲሱ ቴሌቪዥን ምን ባይ ጥሩ ነው? አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች! ያንን የብርድ ወራት ሙሉ፣ ሶፋው የእኔን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ። ጎረቤት ይቅደም ብዬ በ‹ራስት ቫሊ ሪስቶረርስ› ጀመርኩ። በ2018 የተጀመረ ነው፤ ከእኛ በትራንስ ካናዳ መንገድ ሮኪ ተራሮችን ተሻግሮ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ታፔን በምትባል ቦታ ማይክ ሆል የሚባል ሰው ከ400 በላይ አሮጌ መኪና ሜዳ ላይ ሰብስቦ ይታያል። ባለቤቴ በቆመችበት ትንሽ አየችና "ይሄ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወደ ዳላስ ወረድኩ፤ ‹ፋስት ኤንድ ላውድ›፣ ከ2012 እስከ 2020 የታየው። ሪቻርድ ራውሊንግስ ይገዛል፣ ይጮኻል፣ ይሸጣል። ‹ኦቨርሆሊን› ደግሞ ይብሳል። የገዛ ዘመድ ከአዘጋጆቹ ጋር ያሴርና የሰውየውን መኪና "ተሰርቋል" ብለው ይወስዱበታል፤ እሱ ሲበሳጭ እየተቀረጸ፣ ቺፕ ፉስና ቡድኑ በሳምንት ገደማ አድሰው "ይኸውልህ!" ይሉታል። ፉስ እንደሆነ ስዕሉም እጁም የተመሰከረለት ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሌባ መስሎ የሚተውን ሰው ለምን ያስፈልገዋል ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ ያኔ ከእኔ ጋር አልነበረም። እኔ የማየው ሌባውን ነበር። እንዲያውም ከጥቂት ሳምንት በኋላ መፍቻ የያዝኩበት ቀን ትዝ ሳይለኝ፣ ቀይ መብራት ላይ ከፊቴ የቆመውን መኪና እያየሁ "የዚህ ሰውዬ ላሜራ የልጅ ሥራ ነው" ማለት ጀምሬ ነበር።

በዚህ መሐል የባለቤቴ የእህቷ ልጅ ሰርግ ደረሰ፤ ኮሮላችንም ከአጃቢዎቹ አንዷ ሆና ሪባን ሊታሰርላት ተወሰነ። መዝገቡ ተገለጠ።

"ያቺን ኮፈን ለላሜራው ሰውዬ አድርስልኝ" አለች። "አድርስልኝ ነው ያልኩህ። ሌላ ነገር እንዳትጨምርበት።"

ከቤታችን እስከ ሰውዬው ጋራዥ ፋልከንሪጅ ቡልቫርድን ትንሽ ይዞ ወደ ጀርባ መንገዱ መታጠፍ ነው። ቁልፍ ሰጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ በእግር መመለስ። ይህን የሚያበላሽ ሰው እንዳለ ብትጠይቁኝ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ።

ልወጣ ስል የወንድሜ ልጅ መጣ። እዚሁ የተወለደ ነው፤ ስልኩ ከእጁ ከሚለይ ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል። "አጎቴ፣ ራስህ አውጣው። እኔ እቀርጽሃለሁ። ሰው ይወደዋል" አለኝ። ሰው ይወደዋል! በሃምሳ ዓመቴ ይህን የሚለኝ ሰው መጥቶ እንዴት እምቢ ልበል?

በስልኩ ዘዴ ፈለግን። አንዱ ቦታ የፈላ ውኃ አፍስሶ በሽንት ቤት መግፊያ መሳብ ነው ይላል፤ ያ ቱቦ ሲደፈን የምንገፋበት ባለ እንጨት እጀታ ጎማ። ለፕላስቲክ ፓራውልት አንዳንዴ ይሠራል አሉ። የበረዶ ስርጉድ ግን ጠባብ ነው፣ ጎማው ሰፊ ነው፣ ቆርቆሮውም ፕላስቲክ አይደለም፤ ስለዚህ ጎማው ሳም እያደረገ ይመለሳል። ያኔ በቴሌቪዥን ያየሁት ትዝ አለኝ፤ ባለሙያዎቹ ትንሽ መሳቢያ በሙጫ ይለጥፉና ስርጉዱን ይስቡታል። የእነሱ ሙጫ በሙቀት የሚቀልጥ፣ በአልኮል የሚላቀቅ ነው። የእኔ ከጓዳ መሳቢያ የተገኘ ሱፐር ግሉ ነው። የጎማውን ከንፈር ዙሪያውን ቀባሁትና ኮፈኑ መሐል ላይ ተከልኩት።

"ሰዓቱ እየሄደ ነው በል!" አለኝ ልጁ ከስልኩ ጀርባ።

"የምን ሰዓት?"

"ዝም ብለህ በል!"

"ሰዓቱ እየሄደ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። አጥሩን ተደግፈው ያዩን የነበሩት ፑንጃቢው ሽማግሌ ጎረቤታችን ደንገጥ ብለው ሰዓታቸውን አዩ።

ከዚያ ሳብኩ። ጎማው አልመጣም። እግሬን ፓራውልቱ ላይ አድርጌ ሳብኩ፤ መኪናዋ ወደ እኔ ዘንበል አለች እንጂ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሦስተኛውን ረስተውታል። እጀታው ይፈታ የለም ወይ የምትሉ ብልሆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይፈታ ነበር። እንዳይላቀቅብኝ ብዬ እሱንም ቀብቼው ነበር።

የላሜራው ሰውዬ እየጠበቁ ነው፤ የሰርጉ ቀን ደርሷል፤ ባለቤቴ ከሥራ ልትመለስ ነው። እነዚያ ሰዎች በየክፍሉ የሚፈጥሩትን የሰዓት ጭንቅ በነጻ አገኘሁት። እንጨቱ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ፋልከንሪጅ ቡልቫርድን በቀን ብርሃን ነዳሁት። መብራት ላይ ከጎኔ የቆመ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አንቴና ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የማኅበራችን ጸሐፊ ቆመው ነበር፤ መኪናዋን ያውቋታልና ከወገባቸው ዝቅ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፣ ቀና ሲሉ እንጨቱን አዩ፣ አማተቡ። ቤታቸው ጋራዡ አጠገብ ነው፤ ላድርስዎት ማለት ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ?

ሰውዬው ጋራዣቸውን ከፍተው ወጡ። ላሜራ የተማሩት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ኮሮላዋን አንድ ጊዜ ዞሯት፤ እንጨቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ የበረዶ አይደለም" አሉ።

ሌላ ምንም አላሉም። የሙቅ አየር መተኮሻ አምጥተው ጎማውን አሞቁ፤ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር በከንፈሩ ሥር አስገብተው በሁለት እጃቸው ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ቆረጡት። የቀረውን ሙጫ በጣም ደቃቅ በሆነ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አሽተው በፖሊሽ አወጡት። እኔ የሳብኩበት ቦታ ቆርቆሮው ወደ ላይ አብጦ ነበር፤ ከላይ በፕላስቲክ ጫፍ መትተው መለሱት። ከዚያ ወደ በረዶው ሄዱ። መስመር መስመር ያለው መብራት ከኮፈኑ በላይ ዘረጉ፤ ስርጉድ ባለበት የመስመሮቹ ጥላ ይጎብጣል። ጫፉ የታጠፈ ረጅም ብረት ከሥር አስገብተው ዳር ዳሩን ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ። መሐሉን ቶሎ ከገፉት ቆርቆሮው ብጉር ያወጣል፤ ብርድ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ዓይናቸው ብረቱን አያይም፣ ጥላውን ነው የሚያየው። መስመሩ ሲቃና ወደሚቀጥለው።

ልጁ ስልኩን ደግኖ ቆየ፣ ቆየና አላስችል አለው። "ጋሼ፣ ትንሽ ይቆጡ" አላቸው።

"ማንን?"

"አጎቴን።"

"እሱን ሚስቱ ትቆጣዋለች። እኔ ዘንድ የመጣው ኮፈኑ ነው።"

እነዚያን ፕሮግራሞች የሚንቁ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድም አያመልጣቸውም! "ድምፁን አጥፍቼ ነው የማየው" አሉኝ እየገፉ። "ሲጯጯሁ እነሱን አትይ፣ ከጀርባቸው ያለችውን መኪና እይ። በሩ ገብቶላታል። ጭቅጭቁ አልቆ ወደ ሥራ ሲመለሱ በሩ ወልቋል። እንግዲህ መቼ ነው የተጣሉት?" በጣም የሚወዱት ያንን ረጅም እንግሊዛዊ ነበር፣ ባለ ብርቱካንማ ጓንቱን ኤድ ቻይናን፤ ‹ዊለር ዲለርስ› ላይ ከ2003 ጀምሮ ማይክ ብሩወር ይገዛ፣ እሱ ይጠግን፣ ብሎኑ በየት በኩል እንደሚፈታ ሳይቀር ያሳይ ነበር። በ2017 ሲለቅ ምክንያቱን ራሱ ተናገረ፤ አዘጋጆቹ የጋራዡን ክፍል ለመቅረጽ ከባድ ነው ብለው ሊያሳጥሩት ፈልገው ነበር። ጋሼ ያን ቀን ቴሌቪዥናቸውን ዘግተው ተኙ።

"ላዳ ስንሠራ ካሜራማኑ ባለመኪናው ነበር" አሉ ቀጥለው። እውነታቸውን ነው፤ አዲስ አበባ ጋራዥ ባለታክሲው ጄሪካን ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያያል፣ ዕቃ እንዳይቀየርበት። ሰዓት የሚያጣድፈውም እንደ ቴሌቪዥኑ ሐራጅ አይደለም፤ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ማስገባት አለበት፣ ካላስገባ ነገ ቁልፉ የሌላ ነው። ያ ሁሉ እያለ ካንዴላ የሚያጸዳው ሰው አይጮኽም። ከፊያት 124 የተቀዳችው ያቺ ሩሲያ ሠራሽ ላዳ በዚያ ዓይነት እጅ ነው አሥርት ዓመታትን ያለፈችው። እዚህ ካናዳም እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ትሸጥ ነበር፤ ዛሬ ፈልጋችሁ አታገኟትም።

"ታዲያ ለምን ይጯጯሃሉ?" አልኳቸው።

"ስቱኮ ነዋ!" አሉ። "ላሜራው በደንብ ያልተመታበትን በስቱኮ ትሞላዋለህ፣ ቀለም ትቀባዋለህ፣ ያምራል። ሥራ ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ አይቀረጽም። የጎደለውን በጭቅጭቅ ይሞሉታል።"

‹ፒምፕ ማይ ራይድ› ትዝ አለኝ፣ ከ2004 እስከ 2007 የታየው። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ ኋላ እንደተናገሩት፣ በፕሮግራሙ ቀናት የሚመስለው ሥራ ወራት ይፈጅ ነበር፤ ከተገጠመላቸው ጌጥ አንዳንዱም ካሜራው ሲሄድ አብሮ ሄዷል። ስቱኮው ሲነሳ እንግዲህ።

ልጁ ግን የራሱን ነገር ሠራ። የጋሼን ሥራ ሁለት ሰከንድ አደረገው። "ሰዓቱ እየሄደ ነው!" የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋገመው፣ ሙዚቃ ጨመረበት፣ እንጨቱን ይዤ ስነዳ ከኋላ የቀረጸውንም አስከተለበት። ሰው እንደሚወደው ነግሮኝ አልነበር? ወደደው። ሰርጉ ላይ ሙሽራው ሳይቀር ጉንጬን ስሞ "አንቴናውስ?" አለኝ።

ሒሳቡ የመጣው ከሰርጉ በኋላ ነው። ጋሼ በእጃቸው ጽፈው ላኩት፤ ሁለት መስመር ነው። አንደኛው "የበረዶ ሥራ፣ ኮፈን ሙሉውን" ይላል፤ ዋጋው ደህና ነው። ሁለተኛው "ለጎማው" ይላል፤ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ልከራከር ስልክ ሳነሳ ባለቤቴ ከእጄ ተቀበለችኝ።

"ጋሼ" አለቻቸው፣ "ለቴሌቪዥኑስ ስንት ይሰጡናል?"