የሚጨመር ጤና

ሪህ እንዳለብህ ሰፈሩ ይወቅ እንጂ ሐኪም አታጣም። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት አብጦ ጫማ እንቢ ካለኝ ወዲህ ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሁሉ የሚዋጥ ነገር ይዞ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው አመጡ። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝ። አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት ደግሞ መልቲ ቫይታሚን፣ የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ሲ በመንገደኛ ላከች። ተልባውና ነጭ ሽንኩርቱማ የቤት ልጆች ናቸው። ቫይታሚን ሲ ከሰውነት ፍላጎት ሲተርፍ በሽንት ስለሚወጣ፣ ሽንት ቤታችን በዶላር የተገዛ ነገር ማግኘት ጀምሯል።

ሐኪሟ ግን ምንም አልጨመረችልኝም። «ጋሼ፣ ሥጋውንና ቢራውን ይቀንሱ» አለችኝ፤ ዱለትን ለብቻው ስም ጠርታ። ጉበትና ሥጋ ውስጥ ያለው ፑሪን ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ ኩላሊት አጣርቶ ካልጨረሰው መገጣጠሚያ ላይ መርፌ መሰል ክሪስታል ሠርቶ ይቀመጣል። ቢራ ደግሞ በሁለት በኩል ነው የሚበድለው፦ ፑሪኑን ይዞ ይገባል፣ አልኮሉ ኩላሊት አሲዱን እንዳያስወጣ ያዘገያል። «ቢራ ኩላሊት ያጥባል» የሚለውን የጠረጴዛችንን ሳይንስ ስነግራት ሳቋ አመለጣት።

ጓደኞቼ ፍርዱን ሲሰሙ ይግባኝ አሉልኝ። «ቢራ አለችህ እንጂ ጠጅ መቼ አለችህ?» አለ አንዱ፤ ጠጅ ማር ነው፣ ማር መድኃኒት ነው። ጌሾ ከገባበት በኋላ የማሩ ስኳር አልኮል ሆኗል ብሎ ብርሌ ከያዘ ሰው ጋር ማን ይጨቃጨቃል? ሌላው ቀይ ወይን ለልብ ጥሩ ነው አለኝ። እኔን ያመመኝ ጣቴን ነው። ሦስተኛው «አረቄ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም» ሲል ማለ፤ ከአልኮል በቀር ማለቱ ከሆነ ብዙም አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ጤና አይጎዳም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ማለቱን አነሣሁላቸው። ጠረጴዛው ጥቂት አሰበና ጃምቦ አዘዘ።

ጾሙ ያሳርፈኛል ብዬ ነበር። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ የለም፤ ግን ፋሲካ ሲነጋ ውዝፉ በአንድ ጠዋት ይከፈላል፣ ጣቴም ማዕዶቱን ሳትጠብቅ መልስ ትሰጣለች። በዚህ በኩል አያቶቻችን ጨዋዎች ነበሩ፤ ጥሬ ሥጋ በልተው ለኮሶ ትላቸው በየጊዜው ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ ይመራል፣ ያስቀምጣል፣ ሰውን ቀኑን ሙሉ ከቤት ያውላል። ለበሉት ሂሳብ ራሳቸው ይከፍሉ ነበር ማለት ነው። እኛ ሂሳቡን ለብልቃጥ ማስተላለፍ አምሮናል።

አሁንም የጓዳው መደርደሪያ ሞልቷል። ስለዚህ ከእንግዲህ ልትጠይቁኝ የምትመጡ ወዳጆቼ፣ አደራችሁን፣ ባዶ እጃችሁን ኑ።