አነስተኛ ኤምባሲዎችን በእድር ደንብ ለማስተዳደር ከጉደር የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በቶኬ ኩታዬ ወረዳ በጉደር ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የምንኖር የእድር አባላት ማንም ሳይጠይቀን፣ አበልም ሳይታሰብልን ይህን አውጀናል።

መግቢያ

በሰኔ 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው፣ አገሪቱ በውጭ ካሏት ሚሲዮኖች ቢያንስ 30 ያህሉ ሊዘጉ ይገባል ማለታቸውን የሰማን በመሆኑ፤

ጥቂት ወራት ቆይቶም የካይሮው ኤምባሲ በወጪ ምክንያት ለጊዜው መዘጋቱን አምባሳደሩ ራሳቸው ስለተናገሩ፣ በዓባይ ጉዳይ የምንከራከረው አገር ላይ በራችን በወጪ ተዘጋ ሲባል ደግሞ የጉደር ወንዝ ሰዎች፣ ውሃችን እዚያው የሚደርስ በመሆኑ፣ ያፈርን ስለሆነ፤

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር መቶን አልፎ በመሄዱ፣ የባሕር ማዶው አከራይ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ኪራዩ በእኛ ብር ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተሩ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ቢያዝም፣ ምርመራው ሲደርስ የሒሳብ ሠራተኛው ተዛውሮ፣ አምባሳደሩ ተጠርተው፣ የተገዛው ሶፋም አርጅቶ የሚገኝ በመሆኑና ጅብ ከሄደ ውሻ መጮኹ ስላልጠቀመን፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሩቅ ኤምባሲ እንደ ቅርብ እድር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ያልጠቀሰው አይቀጣም፤ ቀብር የቀረ ግን እንደወትሮው ይቀጣል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አግባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «አነስተኛ ሚሲዮን» ማለት አንድ አምባሳደር፣ ሁለት ሦስት ዲፕሎማት፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ሾፌርና ሁሉም የሚፈራው አንድ ማኅተም ያሉበት ቤት ነው። «ሾፌር» ማለት በዚያ ቤት የአገሩን ቋንቋ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ነው። «ይስተካከላል» ማለት የኦዲት ግኝት ሲነበብ ከመድረክ የሚሰጥ መልስ ሲሆን፣ መቼ እንደሚስተካከል በዚህ አዋጅም አልተተረጎመም።

3. ስለ ቁልፍ

በጉደር እድር ዳኛው ገንዘብ አይዝም። ገንዘብ ያዡ መዝገብ አይጽፍም። ጸሐፊው ሳጥኑን አይከፍትም። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹን የሚይዙት ሰዎች ደግሞ ቢቻል እርስ በርስ ብዙም የማይዋደዱ እንዲሆኑ ተደርጎ ይመረጣሉ። ይህን ያስተማረን አማካሪ ድርጅት የለም፤ ያስተማረን ያለቀሰ ቤት ሄደን ሳጥኑን ባዶ ማግኘትን መፍራት ነው።

አነስተኛ ሚሲዮን ውስጥ ግን ያዘዘው ሰው ይፈርማል፣ የፈረመው ይገዛል፣ የገዛው ራሱ ሞዴል 19 ሞልቶ ይረከባል፣ ሞዴል 22 ላይም ወስዶ የሚፈርመው እሱው ቢሆን ማን ያያል? «የሰው ኃይል እጥረት አለ» ይባላል። እኛም ዘንድ ሰው ያንሳል። ሰው ሲያንስ ጎረቤት ይጠራል እንጂ ሦስቱ ቁልፍ ለአንድ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛው የሥራ አፈጻጸም ነጥቡንም የዓመት ፈቃዱንም የሚሞሉለት አምባሳደሩ መሆናቸው ይቀራል። ፈቃዱ በእጃቸው ያለ ሰው «ክቡርነትዎ፣ ይህን አልከፍልም» ሊላቸው አይችልም፤ ካለም በቀጣዩ አውሮፕላን ነው።

4. ስለ ዕቃ ቆጠራ

ድንኳኑ በተነቀለ ቀን የእድሩን ዕቃ የሚረከቡት እናት ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ ብረት ድስቱን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። አንድ ጆግ ጎደለ እንበል።

«ኦቦ፣ ጆጉ የታለ?»

«ኧረ አዴ፣ ሐዘን ላይ ነኝ እኮ።»

«ሐዘኑ የእርስዎ ነው፤ ጆጉ የእድሩ ነው።»

ጆጉ ማታውኑ ይገኛል። በመሆኑም ማንኛውም ተሰናባች አምባሳደር ወንበር፣ ምንጣፍ፣ መኪናና የሻይ ማንኪያ ሳይቀር ለተተኪው ቆጥሮ ሳያስረክብ አይሳፈርም። ቆጠራውን የሚያካሂዱት አዴ ከጉደር በኢትዮጵያ አየር መንገድ ይላካሉ፤ አበል አይጠይቁም፣ ስንቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

5. ስለማይደፈረው መዝገብ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 የወጣው የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 22 የሚሲዮን ግቢ፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ መዝገቡና ሰነዱ እንደማይደፈር ይደነግጋል። ስምምነቱ የሚከለክለው ግን የተቀባዩን አገር ፖሊስ እንጂ የላኪውን አገር ኦዲተር አይደለም። «ሰነዱ ምስጢር ነው» የሚል ኃላፊ የቴምብርና የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ ከመቼ ወዲህ ምስጢር እንደሆነ ለጠቅላላ ጉባኤው ቆሞ ያስረዳል።

6. ስለ ግብዣ

በብሔራዊ በዓል ቀን ጉደር ወይንና አምቦ ውሃ ይቀርባል። ወይኑን የሚጠምቀው አዲስ አበባ ያለው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ሆኖ ስሙ የእኛ ስለመሆኑ ሌላ አዋጅ ይወጣል።

7. ስለ ገንዘብ እጥረት

«በጀት የለም» የሚል ሚሲዮን ከዚህ በታች ያለውን አንብቦ ይፈርማል። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በጀት የሚልክላቸው ቀርቶ የሚጠሩበት መንግሥት በስደት ነበር። እሳቸው ግን በሩን አልዘጉም፤ ከወዳጅ እርዳታ እየለመኑ ለስደተኛም ለአርበኛም ጮኹ። ዛሬ ማንም እንዲለምን አናዝም። እጥረት የሚያሳየው ሰው ምን እንደሚያስቀድም ነው፤ ሶፋ ወይስ ሰው።

8. ስለ በሩ

የዚህ አንቀጽ ቀልድ አነስተኛ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት፣ በዚያ ላይ ኮሮና ሲጨመር፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቤሩት የሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ እያራገፉ ሄዱ። ደመወዝ ያልተከፈላቸው፣ ፓስፖርት የሌላቸው ልጆች አስፋልት ላይ አደሩ። ዓለም በቴሌቪዥን አየን። የኦዲት ቅጽ ግን በር ላይ ላደረ ሰው ዓምድ የለውም፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ውዝፍ ተሰብሳቢ፣ ደረሰኝ ያልቀረበበት ወጪ የሚል አለው። ግቢው ውስጥ ያለው ወንበር ተቆጥሮ ሲያልቅ ከአጥሩ ውጭ ያለችው ልጅ ሳትቆጠር ሪፖርቱ ይጠረዛል።

ከምዕራብ ሸዋም ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች አሉን። ቤት ለመሸጥ፣ ውርስ ለማጣራት አንዲት ውክልና ስትፈለግ ልጅቷ ከአሠሪዋ ፈቃድ ለምና ሚሲዮን ትሄዳለች፤ ወረቀቱ እዚያ ማኅተም ተመትቶበት፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። «ነገ ተመለሺ» ስትባል ግን ነገ ፈቃድ የላትም። ስለዚህ ከእንግዲህ የማንኛውም ሚሲዮን ሒሳብ ሲመረመር በመስኮቱ ስንት ሰው ተስተናገደ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱ በር ላይ አደረ የሚል ዓምድ ከጥሬ ገንዘብ ቆጠራው ቀድሞ ይሞላል።

9. ስለ ቅጣት

ሒሳብ ሳያወራርድ የተመለሰ ሹም አንድ ክረምት ጉደር ላይ ድንኳን ተካይ ሆኖ ያገለግላል። በሐምሌ ዝናብ ካስማ ሲመታ ያየነው ሰው ይቅር ይባላል፤ ሒሳቡ ግን አይማርም።

10. ስለ ቋንቋ

አዋጁ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቷል። በቅጂዎቹ መካከል ልዩነት ቢፈጠር ደብተር የያዙት እናት ያሉት ይጸናል።

11. የተሻሩ ሕጎች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም የስልክ ትእዛዝ፣ በብጣሽ ወረቀት የተላከ ማስታወሻና «እሳቸው ያውቁታል» የሚል ልማድ ተሽሯል።

12. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ስለማይወጣ በሕግ አይጸናም። የሚጸና ሕግ ማውጣት የሚችለው ድምፃችንን የሰጠነው ተወካይ የተቀመጠበት ምክር ቤት ነው። እናም የተከበሩ ተወካያችን ሆይ፣ ዋና ኦዲተሩ ሪፖርት ይዘው በሚቀርቡበት ዕለት እጅዎን ያውጡና ስለ በሩ ይጠይቁልን።