መድኑ ወጣ፣ ተከራዩ ገባ

ኒው ዮርክ፣ ዎል ስትሪት አጠገብ ያለው 70 ፓይን ስትሪት እ.ኤ.አ. በ1932 ለአንድ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያ የተሠራ ቢሮ ነው። ባለቤቶቹ ምን ያህል እንደኮሩበት ለማወቅ መግቢያው ላይ መቆም ይበቃል፤ የሕንፃውን ምስል በድንጋይ ቀርጸው በራሱ በር ላይ አቁመውታል። የገዛ ፎቶውን ሳሎኑ ውስጥ አስፍቶ የሰቀለ ሰው በሉት።

በኋላ ኤአይጂ የተባለው የመድን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ አደረገው። የሰውን ሁሉ አደጋ ሲዋስ የኖረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ራሱ አደጋ ሆኖ ቁጭ አለ፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክም በመጀመሪያው ዙር ብቻ እስከ 85 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር ፈቀደለት። ሕንፃው በዓመቱ ተሸጠ። (ዋስ ለዋሱ ማን እንደሚሆን ያኔ ታወቀ።)

ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሚከራዩ አፓርታማዎች አሉበት። ድሮ አለቃው ሳያየው ከዚህ ሕንፃ ሹልክ ለማለት ሰዓት ሲቆጥር የሚውል ጸሐፊ፣ አሁን ቢመጣ እዚያው ለማደር የደመወዝ ማስረጃና ማስያዣ ይዞ ደጅ ይጠናል። ከተሳካለትም አልጋው ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ያንኑ ሥራውን ይቀጥላል። ያኔ ግን እዚያ ለመቀመጡ የሚከፈለው እሱ ነበር።